የረጋው ስብ

ቀማሚዋ ሰም የሚመስለውን የስብ አልኮል አቅልጣ፣ መድኃኒቱን ጨምራ በሙቅ ውሃ ስትመታው እንደ ወተት ይዋሃዳል። ደቃቅ የስብ ጠብታዎቹ መድኃኒቱን ተሸክመው ሰውነት ውስጥ እንዲያደርሱ ነበር ልፋቷ። ሲቀዘቅዝ ግን ስቡ እየተለየ ከላይ ይረጋባታል፤ በረጋው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የጣት ምልክት አለ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ጣትዎን አይንከሩብኝ» አለች ንዴቷን ዋጥ አድርጋ።

አንጋፋው የላብራቶሪ ባልደረባዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ልጄ፣ እኔ ዕቃሽን ነክቼ አላውቅም። ደክሞሻል፤ ግቢና እረፊ።»

«እንዴት ልረፍ? ዛሬም ካልሰመረ ሥራው ይዘጋል እኮ። እህቴ የምትጠብቀው ይሄንኑ መድኃኒት ነው።»

አዲስ ቅይጥ ሠርታ ጠርሙሱን ከደነች፤ ክዳኑንም በፕላስተር ጠቀለለችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ጋሼም አጠገቧ ቆሙ። ስቡ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ነጣ፤ ረጋ። እሷ አንገቷን ደፋች።

«አየሽ? ተለየ እንጂ ምልክት የለውም» አሏት ሊያጽናኗት።

እውነትም ልሙጥ ነበር። ቀና ብላ ስታየው ግን መሃሉ ከሥር ተገፍቶ አበጠ፤ በእብጠቱ ላይ የጣት አሻራ መስመሮች አንድ በአንድ ወጡ።

ከጎኑ ሁለተኛው ማበጥ ጀመረ።