ውዱ አጥቂ

ሀብታሙ የእግር ኳስ ክለብ ሦስት የውጭ አጥቂዎች ሊያስመጣ ሲል የተቃወሙት የቴክኒክ ዳይሬክተሩ አቶ ምንዳዬ ብቻ ነበሩ። «በዚህ ገንዘብ አንድ ወጣት እንግዛ፤ አሥር ዓመት ያገለግለናል» ብለው ቦርዱን አሳመኑ። ከክፍለ ሀገር የመጣው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ክንዴም በመጀመሪያው ወር አምስት ጎል አገባ።

ነገር ግን ደጋፊው በአንድ ድምፅ ስሙን ሲጠራ የልጁ ፊት አመድ ይመስላል። ኳሱን ትቶ፣ ከኋላው የቆመ ሰው ያለ ይመስል ዞር ይላል። ሐኪም አይቶት ምንም አላገኘበትም። አቶ ምንዳዬ ደጋግመው ቢጠይቁትም አንገቱን ደፋ። ያስገዙት እሳቸው ናቸውና እንቅልፍ አጡ፤ በመጨረሻም እናቱ ዘንድ ሄዱ።

እናቲቱ የመጡበትን ጉዳይ ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንግዳቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰዷቸውና ከአንድ መቃብር አጠገብ ቆሙ።

«ክንዴ ይኸውልዎ» አሉ። «በሱ የልደት ወረቀት የሚጫወትላችሁ ታላቅ ወንድሙ ነው። ‹ዕድሜህ ገፍቷል ብለው አይወስዱኝም› ብሎ አለቀሰብኝ። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»