ባለሰማያዊ ጃንጥላዋ

ተጣማሪዋ ወገቧን ታማ ስላቋረጠች፣ በዚያ ትልቅ የሴቶች ጎልፍ ሻምፒዮና ብቻዋን መጫወት ግድ ሆነባት። ተመልካቹ እንደሆነ ዝነኞቹን ተከትሎ ሄዷል። ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ አንድ ዳኛ፣ “ዘግይተሻል፣ ፍጠኚ!” ብሏት አለፈ። ከዚያ ወዲያ የሰው ድምፅ አልሰማችም።

አሥረኛው ላይ ሰማያዊ ጃንጥላ የያዙ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ብቅ አሉ። ስትመታ ይቆማሉ፤ ስትሄድ ይከተሏታል። “ለካ እኔንም የሚያይ ሰው አለ!” ብላ ሆዷ ባባ። ሴትየዋ በጭቃው እንዳይቸገሩ እርምጃዋን ቀነሰች። ከመምታቷ በፊትም ጃንጥላው እስኪደርስ ድረስ ቆማ ትጠብቅ ጀመር።

የመጨረሻውን ጉድጓድ ስትጨርስ ለነገው ዙር ለጥቂት አለፈች፤ አንድ ምት ብትጨምር ኖሮ ወድቃ ነበር። ኳሷ ላይ ፈረመችና ወደ ሴትየዋ ሄዳ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

“እናቴ፣ በዚህ ዝናብ አብረውኝ ስለዋሉ…”

ሴትየዋ ከዝናብ ልብሳቸው ሥር በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት አወጡ።

“ልጄ፣ በመዘግየትሽ አንድ ምት ተጨምሮብሻል” አሉ። ኳሷን አልነኳትም። “እኛ ዳኞች ደግሞ ስጦታ አንቀበልም።”