በኋላ ማርሽ

ወዚር ነዳጁን ረገጠው፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናው የዲንሾን ዳገት አልወጣም። ዳገቱ አናት ላይ ያለውን ኬላ በሩጫ ጥሶ እንዲያልፍለት ብሎ ትልቅ ካርቡራተር ያስገጠመው ራሱ ነበር። በሮቤ ሜዳ ላይ በረረለት፤ ቀስ ሲል ግን ጉልበት እንደሌለው አሁን ገባው። ፍሬን ይዞ ቆመ። ከኋላ፣ ከጫናቸው የገብስ ጆንያዎች መሀል፣ ከአፈሳ የደበቀው ልጁ ተኝቷል።

ከኬላው አንድ ሚሊሻ ወረደ። «አካም፣ ኦቦ? ጆንያውን እናውርድና እንግፋልዎ።»

«አትልፋ ልጄ፣» አለ ወዚር፤ «በኋላ ማርሽ ይወጣል። እሱ ጉልበት አለው።»

መኪናውን አዞረና ጀርባውን ለዳገቱ ሰጠ። እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። ሚሊሻው እጁን ጆንያ ላይ አሳርፎ ጎን ለጎን ተራመደ። ወዚር አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ አየ፤ ኬላው ጋ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ልጁ ነበር።