የደረት ማዕረግ

የሰው የኑሮ ደረጃ በሚበላው ምግብ እየተለካ በደረቱ ላይ በብርሃን ፊደል መነበብ ከጀመረ ወዲህ፣ አቶ ደምሰው «ጤናማ ዘመናዊ» የሚለውን ማዕረግ ላለማጣት ሦስት ዓመት ሙሉ ጥሬ ጎመን አመንዥከዋል።

ዛሬ ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች ማዕድ ቀርበዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ «ዶሮውን እንዳትነካ፤ ማዕረግህ ከወረደ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች» ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር።

የሙሽራው አጎት ጋሽ ወንድይፍራው ግን ቅቤ የሚያንጠባጥብ የዶሮ ጉርሻ ዘረጉ። «እጄን የመለሰ ሰው ልጁን ሰጠኝ ብዬ አላምንም» አሉ።

አቶ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ደረታቸው ወዲያው «ተራ በላተኛ» ብሎ በራ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡና የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ። በእርሳቸውም ደረት ላይ ያው ማዕረግ ደምቆ ይነበብ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ «በዚህ ሙቀት እስከ ማታ ተቆልፌ መቀመጤ ነበር።»