ጉልበቷ ላይ ስትደርስ

"ልጄ፣ መገጣጠሚያዎቿ ሳይደርቁ አፍታቻቸው!" አሉ ሬሳ አጣቢዋ ሐጃ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ እየቀዱ። "ኋላ ስንከፍናት እንዳንቸገር።"

የሟች እህት ይህን የሚያስተምራት አላስፈለጋትም። የእህቷ የሲታና ግማሽ አካል ሽባ ከሆነ ወዲህ፣ በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ እያጠፈች ስትዘረጋላት ነበር የኖረችው። ክርን እንደ በር ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚታጠፈው፤ ትከሻ ግን ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና በየአቅጣጫው ይዞራል። ክንዷን ቀስ አድርጋ አዞረች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋች።

ጉልበቷ ላይ ስትደርስ እጇ አመነታ። ሲታና ሁልጊዜ የምትጮኸው እዚህ ጋ ነበር። "ቀስ በይ፣ አንቺ ግመል! የሰው እግር እኮ ነው የያዝሽው!" ትልና የኦምዱርማን ከተማ ሰምቶት የማያውቀውን ስድብ ታወርድባታለች። ጎረቤቱ መንጋቱን የሚያውቀው በዚያ ስድብ ነበር።

አጠፈችው። ጉልበቱ እሺ ብሎ ታጠፈ። መልሳ ዘረጋችው።

"ጨረስሽ ወይ?" አሉ ሐጃ ከውጭ።

እንደገና አጠፈችው፤ አሁን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ።

"ስደቢኝ እንጂ" አለቻት።