አባባ የማይገባቸው ቃላት

ዩቺንግ እንግሊዝኛ የምታጠናው እንደ ሰው ለፈተና ወይም ውጭ አገር ለመሄድ አልነበረም። አማቷ ፊት ተቀምጣ በአማቷ ላይ ለመዶለት ነበር።

ቤጂንግ ውስጥ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነው ይኖራሉ፤ እሷ፣ ባሏ ሌይ፣ ልጃቸው ሩዪ እና የሌይ አባት አዛውንቱ ጎንግ። ሩዪ አድጋለች፤ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል። ክፍል የሚገኘው ደግሞ ሽማግሌው ከከተማ ውጭ፣ ተራራው ሥር ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ሲሄዱ ብቻ ነው። ጠዋት እሳቸው ወፋቸውን ይዘው መናፈሻ ይወጣሉ፣ ባልና ሚስቱ ወደ ሥራ ይሮጣሉ፤ ማታ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በቻይንኛ የት ይወራል?

መጀመሪያ ቀላል እንግሊዝኛ በቅቷቸው ነበር። አንድ ማታ ግን ሩዪ ከኑድሏ ቀና ብላ፣

«ኦልድ ማን ማነው?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ዩቺንግ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኗ የተረፈውን ወፍራም የቃላት መጽሐፍ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ልጅ ቀርቶ አስተማሪም የሚቸገርባቸውን ቃላት መሸምደድ ጀመረች።

አጠናኗ የትምህርት ቤት ነው። ለማታው የሚያስፈልጋትን ዓረፍተ ነገር በአዲሱ ቃል ትሠራለች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ፣ በተሰጣው ልብስና በወፉ ቤት መካከል እየተንጎራደደች፣ ምላሷ እስኪፈታ ጮክ ብላ ትደጋግመዋለች። ከባድ ቃል ጋ ስትደርስ «አይያ!» ማለት ልማዷ ነው።

«ያቺ አይያ ከሌለች ቃሉ አይወጣሽም አይደል?» ይላል ሌይ።

«አንተ ሳቅ! ለልጅህ ክፍል የምደክመው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሳሎን ሆነው የቴሌቪዥን ኦፔራቸውን ከፍ አድርገው ይሰማሉ። «ጎበዝ ልጄ! ሰው እስኪያረጅ ተማሪ ነው። እኔስ ከባይ ባይ በቀር አላውቅም» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዩቺንግ በሆዷ ሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ባልና ሚስቱ «ፍል ውሃ እንሂድ» ብለው አታልለው ቅዳሜ ሽማግሌውን ማረፊያውን ሊያሳዩአቸው በረቀቀ እንግሊዝኛ ተስማሙ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ በቼዝ ጓደኞቻቸው ተሞልቶ ተገኘ።

«ፍል ውሃ ቆዳዬን ያሳክከኛል» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዩቺንግ የያዘችው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ፍል ውሃን በቻይንኛ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እሳቸው በሌሉበት ክፍላቸውን ለክቶ ለሩዪ አልጋ እንዲሠራ አናጺ ሊያመጡ ተመካከሩ። አናጺው ሲመጣ የክፍላቸው በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ጠበቀው።

«የምትነግራቸው ሩዪ ናት» አለች ዩቺንግ። ሌላው ወላጅ ልጁን እየጎተተ የእንግሊዝኛ አስጠኚ ጋ ሲወስድ እሷ ልጇን ከማስጠኛው አስወጣች። ሩዪ ከደስታዋ ብዛት አልጋው ላይ ዘለለች። ወሬው ግን ማፈትለኩን አልተወም።

ሽማግሌውንም ፈተነቻቸው። ራት ላይ ፊቷን ሳትቀይር፣ ትከሻዎ ላይ ሸረሪት እየሄደ ነው አለቻቸው፣ በእንግሊዝኛ።

«ነጭ ሽንኩርቱን አቀብዪኝማ፣ ልጄ» አሏት።

እሳቸው እንዳልሆኑ ገባት። የቀረው አንድ ሰው ነው።

«አንተ ነህ!» አለችው ባሏን፣ መኝታ ቤት ዘግታ። «ማታ ከእኔ ጋር ትዶልታለህ፣ ዞር ብለህ ላባትህ ታቃጥራለህ!»

«እኔ? ያንቺን ቃላት ግማሹን መቼ ገብተውኝ ነው የማቃጥረው!»

አላመነችውም። ኩርፊያው ቤቱን ሞላው። ጥቁር ባቄላ እንኳ ዝም አለ። ጥቁር ባቄላ የሽማግሌው ወፍ ነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር በሳቸው ድምፅ «በላችሁ?» ሲል ኖሮ አሁን አፉን ዘጋ።

«አባባ፣ ወፉ ምን ሆነብዎት?»

«ላባ እየቀየረ ነው። ብርድ እንዳይመታው ነው ቤት ስገባ የምሸፍነው» ብለው ሰማያዊውን ጨርቅ አስተካከሉለት።

ማረፊያው ወፍ እንደማያስገባ ዩቺንግ ታውቃለች። ጨርቁን እንዴት በቀስታ እንደሚያስተካክሉለት አይታ አዘነችላቸው። ቢሆንም የሩዪ አልጋ ትዝ ሲላት ጨክና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። የዕለቱ ቃል «ክላንደስታይን» ነበር፤ በስውር የሚደረግ ማለት ነው። ሰኞ ሽማግሌውን ማረፊያው በስውር ልታስመዘግብ ነውና በረንዳው ላይ ምሽቱን ሙሉ ስትለው አመሸች።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ባሏ ለአባቱ የሚያቃጥረው መናፈሻው ውስጥ መሆን አለበት ብላ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ቆርጣለች።

አማቷን ከሩቅ ተከትላ መናፈሻው ገባች። ሽማግሌው ኩሬው ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው በሩዪ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ቺዩ አሉ፤ ጭናቸው ላይ መዝገበ ቃላት፣ እጃቸው ላይ ማጉያ መነጽር። ዩቺንግ ቀርከሃው ሥር ተሸሽጋ ሌይ ብቅ እስኪል ጠበቀች። ሌይ አልመጣም።

«ዛሬ ዘገዩ» አሉ ወይዘሮ ቺዩ።

«አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ወርጄ ነው።»

ሽማግሌው የወፋቸውን ቤት ዛፉ ላይ ሰቀሉ። ሰማያዊውን ጨርቅ ገልጠው አንዲት ትል ወረወሩለት።

«እስቲ ባቄላዬ፣ የትናንቱን።»

«አይያ!» አለ ወፉ በዩቺንግ ድምፅ፣ «ክላንደስታይን!»