የጌሾው ሥር

ዘርፈሽዋል እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ከጓሮዋ የዶማ ድምፅ ሰማች። ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች።

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ገብረ ጻድቅ ኩታውን አደግድጎ ጌሾዋን ከሥሩ እየነቀለ ነው። ሦስት ግንድ ወድቋል። እርጥብ አፈር የያዘው ሥር ወደ ላይ ተገልብጧል፤ ያ የሚያብለጨልጨው ቅጠል አቧራ ለብሷል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"የወንድሜን ተዝካር እየደገስኩ ነዋ!" አላት ቀና ሳይል። "ጠላ ያለ ጌሾ ይጠመቃል እንዴ?"

እንስራውን አወረደች። ከመቸኮሏ የተነሳ ውሃው እግሯ ላይ ተደፋ።

ባሏ ተክለጊዮርጊስ ከንጉሡ ጦር ጋር ወደ ሐረር ዘምቶ ጨለንቆ ላይ ቀርቷል። መርዶው ከመጣ ወዲህ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ገብረ ጻድቅ ያላትን ሁሉ ስታደርግ ከረመች። በሬው ለእኔ ይገባል ሲል ነድታ ሰጠችው። የወንድሜ ጋሻ እኔ ቤት ይሰቀል ሲል ከግድግዳው አወረደችለት። ወንድሙን ያጣ ሰው ነው፣ ሐዘን ነው የሚያናግረው እያለች ቻለችው።

ጌሾው ግን የሷ ነው። ችግኙን ደነባ ካለው የእናቷ ቤት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት። የአንኮበር ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ ገለባ ስታለብሰው፣ ፍየል ስታባርርለት፣ ባሏ "ልጅሽ እንዴት አደረ?" እያለ ይስቅባት ነበር። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አሁን ደግሞ ቅጠሉን አልዩ አምባ ገበያ አውርዳ በአሞሌ ጨውና በእህል እየለወጠች የምታድረው በዚሁ ነው።

"ለተዝካሩማ ቅጠሉን እኔው ሸምጥጬ እሰጥህ ነበር" አለችው። "የማደርቀው እኔ፣ የምወቅጠው እኔ፣ ጠላውንም የምጠምቀው እኔ። ሥሩን ለምን ትነቅለዋለህ?"

ዶማውን አነሳ።

"ገብረ ጻድቅ! አንተን እኮ ነው! ሥሩ ጠላ ይሆናል ወይ?"

"መሬቱ የአባቴ ነው!" ብሎ ጮኸባት። "ቤት ልሠራበት ነው፣ አወቅሽ? ልጅ ያልወለድሽበት ደጅ ምን ልሁን ብለሽ ትቀመጫለሽ? ወደ እናትሽ ሂጂ! አንቺ ባል ነው የሞተብሽ፤ ሌላ ታገቢያለሽ። እኔ ወንድም ከወዴት አመጣለሁ?"

የመጨረሻውን ሲናገር እንባው ወረደ።

ሌላ ቀን ቢሆን አብራው ታለቅስ ነበር። ዛሬ እንባው ራሱ ደሟን አፈላው። በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው ጓሮዋን ይለካል! ዶማው ቀጣዩ ግንድ ላይ ሊያርፍ ሲል ሮጣ ግንዱን በሁለት እጇ አቀፈችው።

"በሕግ አምላክ! በንጉሡ አምላክ!"

ዶማው አየር ላይ ቀረ። ያን ቃል ሰምቶ እጁን የማይሰበስብ ሰው ዳኛ ፊት ምን እንደሚጠብቀው ገብረ ጻድቅም ያውቃል።

ከአጥሩ ማዶ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣው መንገድ ነው። አንድ ሸበቶ ነጋዴ ጩኸቱን ሰምቶ አህዮቹን አቆመ።

"አንቱ መንገደኛ!" አለች ግንዱን ሳትለቅ። "ከዚህ ሰው ጋር ቋጥሩኝ! ዳኛ ፊት ልቅረብ!"

"እህቴ፣ እኔ ዘይኑልአቢዲን የምባል ነጋዴ ነኝ። የሰው ጠብ ምን አገባኝ? ገበያው ይፈታብኛል።"

"የንጉሡን ስም ጠርቻለሁ! ሰምተው ሊያልፉ ነው?"

ነጋዴው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብሎ በረጅሙ ተነፈሰና አህዮቹን አስሮ ገባ። የወደቁትን ግንዶች አየ። ከዚያ የተላጨ ራሷን አየ። ምንም ሳይጠይቅ የነጠላዋን ጫፍና የገብረ ጻድቅን የኩታ ጫፍ ይዞ አንድ ላይ ቋጠራቸው፤ ጭነት እንደሚያስር ሰው አጥብቆ ሳበው።

"በሉ እንግዲህ፣ ይህን የሚፈታው ዳኛው ነው። ከመንገድ የፈታው ተረትቷል። እኔም አብሬያችሁ ወጥቼ ያየሁትን እናገራለሁ።"

"እንሂድ!" አለ ገብረ ጻድቅ ፊቱ ጠቁሮ። "ቶሎ እንገላገል።"

"ቆይ።"

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

የወደቁት ግንዶች እንደተከመሩ ከዋሉ ቅጠሉ ሞቆ ይበላሻል። ከግድግዳው ሥር ሰሌን አንስታ ለመዘርጋት ስትራመድ ኩታው ተወጠረና ገብረ ጻድቅ ተንገዳግዶ ተከተላት። ጎንበስ ብላ አንድ ቅርንጫፍ አነሳች፤ ቅጠሉን ሸምጥጣ ሰሌኑ ላይ በተነችው።

"ለወንድምህ ተዝካር ነው" አለችው ጥርሷን ነክሳ።

ነጋዴው ሳቁ እንዳይታይበት ወደ አህዮቹ ዞረ። ዘርፈሽዋል ግን የምትስቅበት ነገር አልነበራትም። ቅርንጫፉን ጉሮሮ እንደሚያንቅ ሰው ትጨብጠውና ከላይ እስከ ታች ትገፈዋለች። ቅጠሉ መዳፏን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ምሬቱ እስከ ምላሷ ይሰማታል። እሷ ጎንበስ ስትል ገብረ ጻድቅ አብሮ ይጎነበሳል፤ ቀና ስትል ቀና ይላል።

የመጨረሻው ግንድ ላይ ሲደርሱ መቆሙ ሰለቸው መሰል፣ እጁን ዘርግቶ አንድ ቅርንጫፍ አነሳና መሸምጠጥ ጀመረ።

ከእጁ ነጠቀችው።